የሚመለከተው አካል እስኪመጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕግም አልተማርኩም። 22 ዓመት ደብዳቤ ስተይብ፣ ፋይል ሳገላብጥ፣ የቢሮውን ቁልፎች ስይዝ ኖሬያለሁ። መምህራኑ ሲቀልዱ «ባለቁልፏ» ይሉኛል። ድሮ ቅጽል ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ደስ አይለኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አንባቢያችሁ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው የአድሬናሊን መርፌ በትምህርት ቤት፣ በምግብ ቤትና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይቀመጥ የሚለውን ሐሳብ ይቃወማሉ። «መርፌ የባለሙያ ነው፤ ተራ ሰው እጅ ከገባ ጉዳቱ ይብሳል» ነው ፍሬ ነገሩ። ደብዳቤያቸውን ሁለቴ አነበብኩት። ክፉ ሰው የጻፈው አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን እኔም እፈርምበት ነበር።

እስቲ የኔን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ነው፤ ረፋዱ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት። የዕለት መዝገብ የመያዝ ልማድ ስላለኝ ሰዓቱን የምጽፈው ከመዝገቤ ነው። 4 ሰዓት ከ20 ላይ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ አንገቱን ይዞ ቢሮ ገባ። «አሁን ንብ ነደፈችኝ» አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። መንደፊያዋን በጥፍሬ ጫር አድርጌ አወጣሁና «አይዞህ፣ ጀግናዬ፤ ፊትህን ታጠብና ወደ ጓደኞችህ ሂድ» አልኩት። ሄደ።

4 ሰዓት ከ24 ላይ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው መለሱት። ክንዱና ሆዱ ሳማ እንደለበለበው ሁሉ ቀልቶ ተዥጎርጉሯል። ከንፈሩ አብጧል። ያስላል። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። «ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘኝ» አለኝ። ይህቺ አባባል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ከወንበሬ ጀርባ የመድኃኒት ቁም ሳጥን አለ። ውስጡ አንድ የአድሬናሊን መርፌ ተቀምጧል። እስክሪብቶ የሚመስለው፣ ብዙ ሰው «ኤፒፔን» ብሎ የሚያውቀው ዓይነት። የአንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ልጅቷ ኦቾሎኒ አይስማማትም። እናቷ በሐኪም ማዘዣ ገዝተው፣ በፊርማ አስረክበውናል። ከረጢቱ ላይ የልጅቷ ስም በትልቁ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከስሟ ሥር «ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው» የሚል መስመር አለ። እሱንም የተየብኩት እኔ ነኝ።

ዘወር ብዬ ቁም ሳጥኑን አየሁት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልከፈትኩም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ስልክ አነሳሁ። መጀመሪያ አምቡላንስ ጠራሁ፤ እሷ ልክ ነበረች። ቀጥዬ ዳይሬክተሩን ፈለግኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። ምክትላቸው «ወላጅ ሳይፈቅድ እንዴት ይሆናል?» አሉ። የልጁ እናት ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። የመርፌው ባለቤት እናት ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። በዚህ መሃል አንድ መምህር የአለርጂ ኪኒን አምጥቶ በውኃ አዋጠው። ሁላችንም ተፍ ተፍ እንላለን። ማንም ግን የሚጠቅመውን ነገር አልሠራም።

4 ሰዓት ከ35 ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ሊከፍል የመጣ አንድ አባት በሩን ከፈተ። የጤና ባለሙያ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ልጁን አንዴ አየና ወደኔ ዞረ።

«አድሬናሊን አላችሁ?»

«አለ፤ ግን የሌላ ልጅ ነው» አልኩ።

«ክፈቺው!»

ይህ ሰው ሌላ ጊዜ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ያን ዕለት አንቱታው ድራሹ ጠፋ። ጠፍቶም በጀ። ከፈትኩ።

እስክሪብቶውን ከማቀፊያው አወጣ። ሰማያዊውን ክዳን ነቀለ። ብርቱካናማውን ጫፍ ሱሪውን ሳያወልቅ በልጁ ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሃሉ ላይ አድርጎ ጫነው። ቀጭ አለ። ሦስት ቆጠረና አነሳው። በቃ። ከከፈትኩበት ጊዜ አንስቶ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። እኔ አንድ ደረሰኝ ለመቁረጥ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።

ከዚያ ልጁን ከወንበሩ አውርዶ ወለሉ ላይ እግሩን አስዘርግቶ አስቀመጠው። ጀርባውን ለቁም ሳጥኑ አስደገፈው። «እንዳይቆም፤ አንድ እርምጃ እንዳይራመድ» አለ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መቀመጥ ይቀለዋል። ትንፋሹ ደህና ሆኖ ራሱን የሚያዞረው ከሆነ ደግሞ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይላል። ድንገት ቀጥ አድርጎ ማስነሳት ግን ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ አድርጎ ሊገድል ይችላል። እኔ «ታጠብና ሂድ» ብዬ ነበር የሰደድኩት። ስለ ኪኒኑም ነገረን። የአለርጂ ኪኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ የወረደ የደም ግፊትም አይመልስም። በዚያ ላይ ሊታፈን ለደረሰ ልጅ ውኃ መስጠት ሌላ ጣጣ ነው።

ባዶውን እስክሪብቶ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። የትንሽ ልጅ መጠን ነው፤ 0.15 ሚሊግራም። ከ15 እስከ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሚሰጠው። የኛ 5ኛ ክፍል ደንዳና ነው፤ 0.3 ነበር የሚያስፈልገው። «ቢሆንም ከባዶ እጅ ይሻላል» አለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፉጨቱ ቀነሰ። አምቡላንሱ 4 ሰዓት ከ47 ላይ ደረሰ። ሁለተኛ መርፌ ሰጥተው ወሰዱት። ማታ እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽፍታውና ሳሉ ለአጭር ጊዜ ተመልሶበት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አለ ለካ። ከሰዓታት በኋላ በሽታው ዞሮ ይመጣል። ለዚህ ነው መርፌ የተወጋ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ቤቱ የማይገባው።

ልጁ ዛሬ 6ኛ ክፍል ነው። በመስኮቴ ሥር ኳስ እየለጋ በየቀኑ ያናድደኛል።

እንግዲህ ቁጥሩን እዩት። ከ20 እስከ 35፤ 15 ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው የማነበው። ሪቻርድ ፓምፍሬይ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በእንዲህ ያለ ከባድ አለርጂ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት አሳትመዋል (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በነፍሳት ተነድፈው ከሞቱት መካከል ከንድፊያው እስከ ልብ ወይም ትንፋሽ መቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። በምግብ ምክንያት ለሞቱት 30 ደቂቃ፤ በሕክምና ላይ በተሰጠ መድኃኒት ለሞቱት ደግሞ 5 ደቂቃ። 15ን ሳነብ መብራቱን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

ከሳምንት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እንደተለመደው እኔ ነኝ። የመወያያ ርዕሱ ምን ነበር መሰላችሁ? «የአንዲት ተማሪ መድኃኒት ያለ ፈቃድ ለሌላ ተማሪ የተሰጠበት ሁኔታ።» ለምን ዘገየ አይደለም፤ ለምን ተሰጠ ነው ጥያቄው። አንዱ ተነስተው «ዛሬ ይህን ዝም ካልን ነገ ሆዱን ያመመውን ሁሉ ትወጉታላችሁ» አሉ። ሳቅ ሆነ። እኔም ጻፍኩት።

የልጅቷ እናት ተጠርተው ነበር። ይቆጣሉ ብለን ጠብቀናል። እሳቸው ግን «እንኳንም ሆነ» አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩና «ሁለት ነበር የሰጠኋችሁ፤ ሁለተኛው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ፈለግነው። የአንድ መምህር መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠመኔና ከድሮ ፈተናዎች ሥር ተገኘ። ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። የሁለቱን ነገር እናትየው ያለምክንያት አላሉም። አንዱ ካልበቃ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነው አለርጂ ያለበት ሰው ሁልጊዜ ሁለት ይያዝ የሚባለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ያነቀን ጭካኔ አይደለም። ስንፍናም አይደለም፤ ሁላችንም ስንሯሯጥ ነበር። ያነቀን እኔ ራሴ ስተይበው የኖርኩት አንድ ሐረግ ነው፦ «በሚመለከተው አካል ፈቃድ»። ስንት ሰርኩላር ላይ እንደጻፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለጠረጴዛና ለወንበር ግዢ ደህና ሐረግ ነው። ያን ዕለት ግን የሚመለከተው አካል ማን ነበር? ዳይሬክተሩ? ምክትላቸው? የልጅቷ እናት? ወለሉ ላይ ያበጠው የልጁ አካል ነበር እንጂ።

አንባቢያችሁ «መርፌው ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች በማዘዣ ይሰጣቸዋል፤ በቂ ነው» ብለዋል። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማዘዣ የሚሰጠው አለርጂ እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ነው። የኛ ልጅ አያውቅም ነበር። እናቱ ኋላ ሲናገሩ «ባለፈው ክረምትም ነድፋው ምንም አልሆነ» ብለዋል። ነገሩ እንዲያ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ የመጀመሪያዋ ንድፊያ ሰውነትን ታዘጋጀዋለች፤ ቀጣይዋ ታፈነዳዋለች። ይህንን ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1902 ውሾች ላይ ነው ያዩት። የአንድ የባሕር እንስሳ መርዝ ሰጧቸው። ውሾቹ ቻሉት። ከሳምንታት በኋላ በጣም ያነሰ መጠን ሲደግሙላቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። «አናፊላክሲስ» የሚለውን ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ሪሼ በዚህ ሥራ በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው፤ «ባለፈው ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አድሬናሊን የተሰጣቸውን ሰዎች የመዘገበ ጥናት በ2005 ታትሟል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ትምህርት ቤቱ አለርጂ እንዳለበት የማያውቀው ሰው ነበር። ከአራት አንድ! ይህ ሰው ስሙ የተጻፈበት ከረጢት የለውም። ስም ባለበት ከረጢት ብቻ የምንሠራ ከሆነ ለእሱ ያለን ነገር ስልክ መደወል ብቻ ነው። የእሳት ማጥፊያ ላይ የማንም ስም አይጻፍም። የተቃጠለው የማን መጋረጃ ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ ሳይ ሕጉ የተለወጠው ብዙ ጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በዲሴምበር 2013 ደብሊን ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሳታውቅ ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ በላች። እናቷ ሮጠው ፋርማሲ ገቡ። ያለ ማዘዣ አይሰጥም ተባሉ። ልጅቷ መንገድ ላይ ወድቃ ሞተች። መርፌው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ወረቀት ነው የጎደለው። አየርላንድ በ2015 ሕጓን አሻሻለች። ሥልጠና የወሰዱ ተራ ሰዎች በየድርጅቱ መርፌውን ማስቀመጥና በድንገተኛ ጊዜ መስጠት ተፈቀደላቸው። ይህን ታሪክ ሳነብ የራሴን ቁም ሳጥን ነው ያየሁት። የእኛ ቤት ጉድለትም መድኃኒት ሳይሆን ወረቀት ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኦባማ በኖቬምበር 2013 አንድ ሕግ ፈርመዋል። የማንም ስም የሌለበት አድሬናሊን ትምህርት ቤቶቻቸው እንዲያስቀምጡ የሚያስገድዱ ግዛቶች ለአስም ሕክምና በሚሰጥ የፌዴራል ገንዘብ ቅድሚያ ያገኛሉ ይላል። ብልጠት አለበት፤ ሳያስገድድ ይጎትታል። በብዙ ግዛቶች ደግሞ ፈቃዱ ከትምህርት ቤት አልፎ ለምግብ ቤትና ለልጆች ካምፕም ተሰጥቷል። በካናዳና በአውስትራሊያ ማንም ሰው ፋርማሲ ገብቶ ፋርማሲስቱን አነጋግሮ ያለ ማዘዣ መግዛት ይችላል።

የእንግሊዙ ግን ለኔ የበለጠ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም ጎዶሎነቱ የኛን ይመስላል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ያለ ማዘዣ ትርፍ መርፌ ገዝተው እንዲያስቀምጡ ተፈቀደ። ጥሩ። አብሮት የወጣው መመሪያ ግን መርፌው የሚሰጠው የሐኪም ማረጋገጫና የወላጅ ፈቃድ አስቀድሞ ለተመዘገበለት ልጅ ነው አለ። ላልተመዘገበውስ? አምቡላንስ ጠርታችሁ «እንስጠው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደኔ ያለች ፈሪ ጸሐፊ ይህን ስታነብ የምታደርገውን አውቃለሁ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የሚገርመው እዚያው አገር የ2012ቱ የመድኃኒት ደንብ ሕይወት ለማዳን ከሆነ አድሬናሊን ማንም ሰው ለማንም መውጋት ይችላል ይላል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ያ መመሪያ ግን አመነታ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሕግ የሚያነብ የለም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ነው የምናነበው።

ወደ አንባቢያችሁ ስጋት ልመለስ፤ መልስ ይገባቸዋልና። «ተራ ሰው አይችልም» ለሚለው፣ እስክሪብቶው ከየት እንደመጣ ልንገራቸው። ሼልደን ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሠሩት ለወታደር ነው። የነርቭ መርዝ ጋዝ ሲለቀቅ ወታደሩ በራሱ እጅ፣ በጭንቅ ሰዓት፣ ከነልብሱ ጭኑን እንዲወጋ። ያው አሠራር ለአድሬናሊን ተለወጠና በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። እንግዲህ ዕቃው ከጥንስሱ የታሰበው እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ሕክምና ላልተማረ ሰው ነው። ሐኪም ቢሆን እማ አምፑልና ስሪንጅ ይበቃው ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አጠቃቀሙን በግጥም ነው ለልጆች የሚያስተምሩት፤ ሰማያዊው ወደ ሰማይ፣ ብርቱካናማው ወደ ጭን። በኛ ቋንቋ ይበልጥ አይቀልም? ቀለሙ ራሱ ስሙን ከሰማይ ነው የወሰደው። (ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ቀለሙ ሊለይ ይችላል፤ ጽሑፉን ማየት ነው።)

«ያልታመመ ሰው ቢወጋስ?» ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፊት ይገረጣል፣ ራስ ምታት ይመጣል። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ በአብዛኛው ግን ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። የልብ ሕመም ላለበትና ለሸመገለ ሰው ጥንቃቄው ይበልጣል። ያም ሆኖ ሐኪሞች የሚሉት አንድ ነው። በእርግጥ አናፊላክሲስ ከሆነ መርፌውን ፈጽሞ የሚከለክል ሌላ በሽታ የለም። አደጋም አለ፤ አልክድም። እስክሪብቶውን ገልብጦ ይዞ የራሱን አውራ ጣት የሚወጋ ሰው አለ። ያን ጊዜ ጣቱ ደም ያጥረዋል፤ እሱም ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ልጅ ሲወጋ ከተንፈራገጠም መርፌው ጭኑን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ እግሩን አጥብቆ መያዝ ነው። እነዚህን በማለማመጃ እስክሪብቶ ማስተማር ይቻላል። መርፌ የሌለው፣ ደጋግመው የሚጫኑት ዕቃ ነው። እኔ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል የራሴን ጭን ወግቻለሁ፤ አብዛኛውን ቡና እየጠጣሁ።

ሆዱን ያመመውንም አንወጋም። ቆዳ ብቻ ካሳከከ፣ አንድ ቦታ ብቻ ካበጠ አይደለም። ሽፍታ ወይም የከንፈር እብጠት መጥቶ በላዩ ትንፋሽ ከጠበበ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ሰውየው ራሱን ሊስት ከደረሰ ነው። ንብ እንደነደፈችው ወይም የማይስማማውን እንደበላ የሚታወቅ ሰው ደግሞ ሽፍታ ሳይታይበት በቀጥታ ሊወድቅ ይችላል። ይህን አንድ ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፌ አባዝቻለሁ። ሙያዬ ነው።

እንግዲህ ደንቡ ምን ይበል? ሰርኩላር መተየብ የለመደ እጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ሞክሯል፤ «ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብሎ በቅንነት ያመነ ማንኛውም ሰው፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ በቦታው ያለውን አድሬናሊን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ በዚህም አይጠየቅም።» «ሊሰጥ ይችላል» አላልኩም፤ ሆን ብዬ ነው። «ይችላል» የሚል ቃል ካለ አንዱ ምክትል መጥቶ «ማን ነው የሚችለው?» ይላል። ከዚያ በኋላ አምቡላንስ ይጠራ፤ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ባዶው እስክሪብቶ ከታማሚው ጋር ይላክ። የግል መርፌ ከተወሰደ ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ይተካለት፤ ይህ ካልተጻፈ የዚያች ትንሽ ልጅ እናት በሚቀጥለው ጊዜ «እንኳንም ሆነ» ባይሉ አልፈርድባቸውም።

አቀማመጡም ያው ነው፤ አይቆለፍ። ሌባ ይወስደዋል የሚል ካለ፣ ሲከፈት የሚበጠስ ማኅተም ይበቃል። ሁለቱም መጠን ይኑር፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ቢሮ ውስጥ አይደበቅ። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ፀሐይም አይንካው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚመቸው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል። ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ተጠያቂ ይሁን፤ በየወሩ ፈሳሹ የሚታይባትን የእስክሪብቶዋን መስኮት ያያታል። ፈሳሹ ቡናማ ከሆነ ወይም ዝቃጭ ካለው ይቀየራል። ጊዜው ያለፈበትን ለመደበኛ አገልግሎት አታስቀምጡ። ሌላ ምንም በሌለበት ሰዓት ግን፣ ፈሳሹ ንጹህ እስከሆነ፣ ያለፈበትም ከመሳቢያ ይውጣ።

ውድነቱን አውቃለሁ። አድሬናሊን ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በአምፑል ሲሆን ርካሽ ነው። የሚወደደው እስክሪብቶው ነው። አሁን ደግሞ በአፍንጫ የሚነፋ መጥቷል፤ አሜሪካ በኦገስት 2024 ፈቅዳዋለች። መርፌ ለሚፈሩ አንባቢያችሁ ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ደንቡ ሲጻፍ «መርፌ» ብቻ ተብሎ እንዳይዘጋ ከወዲሁ ይታሰብበት፤ አለበለዚያ ስለ አፍንጫው ሌላ ስብሰባ መቀመጣችን ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስብሰባው ሲያልቅ የተወሰነው ውሳኔ «በነባሩ አሠራር ይቀጥል» የሚል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜያለሁ። ያን ዕለት ማታ ግን ከረጢቱ ላይ ያለውን «ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው» የሚለውን መስመር በነጭ ቀለም አጠፋሁት። የልጅቷ እናት ፈቅደውልኛል፤ በጽሑፍ። ቁም ሳጥኑም ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ደብዳቤ ካተማችሁት ዳይሬክተሩ ያነቡታል፤ ጋዜጣውን በየሳምንቱ የማመጣላቸው እኔ ነኝ። ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በእስክሪብቶ ማስቀመጫዬ ውስጥ አለ። ከፈለጉ ሊወስዱት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት ጸሐፊዋ